አዲሱ መጽሐፍ እስኪመጣ ጨዋታው አይቁም፦ መደርደሪያ ላይ ባለው መጽሐፍ ዘመቻ ማዘጋጃ፣ ለጎንደር ተጫዋቾች

የጠረጴዛ አርፒጂ (ጌም ማስተር የሚባል አንድ ሰው ታሪኩን እየመራ፣ ሌሎቹ ገጸ ባሕርይ ሆነው ዳይስ እየጣሉ የሚጫወቱት ጨዋታ) የሚጫወት ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል። አንዱ የቡድኑ ቴሌግራም ላይ የአዲስ መጽሐፍ ሽፋን ይለጥፋል። ሌላው እሳት ይልካል። ሦስተኛው «በቃ፣ ይሄ ይምጣና እንጀምራለን» ይላል። ከዚያ በኋላ መጽሐፉም አይመጣ፣ ጨዋታውም አይጀመር።

ውጭ አገር ያለ ተጫዋች የሚጠብቀው መጽሐፉ የሚወጣበትን ቀን ብቻ ነው። ጎንደር ያለ ሰው ግን ከዚያ በኋላ ገና ብዙ ይጠብቃል። በዶላር የሚከፍልለት ሰው መፈለግ አለበት። ለጥምቀት የሚመጣ ዘመድ መኖር አለበት። የዘመዱ ሻንጣም ቦታ ሊተርፈው ይገባል። እነዚህ መጽሐፎች ደግሞ ወፍራም ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ የተጫዋቾች መጽሐፍ 384 ገጽ ነው። ጫማና ልብስ ላዘዘው ወንድም ሻንጣው ውስጥ ቦታ እያለ፣ ስለ ጭራቆች የሚያወራ ጥራዝ ማን ይጭናል?

ዋጋውንም እናስላ። የዚህ መጽሐፍ የሽፋን ዋጋ 49.99 ዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 በፊት፣ ባንክ ዶላሩን በ57 ብር አካባቢ ሲመነዝር፣ ይህ 2,850 ብር ገደማ ነበር። ዶላሩን በ140 ብር ብትመቱት ግን 7,000 ብር ይጠጋል። ጨዋታው በደንብ የሚሟላው በሦስት መጽሐፍ ነው ካላችሁ በሦስት አባዙት።

አዲስ መጽሐፍ መመኘት ጥፋት አይደለም፤ እኔም እመኛለሁ። ጨዋታውን ለምኞቱ ማስቆም ግን አይዋጥልኝም። ቀጥሎ ያለው የዘመቻ፣ ማለትም በተከታታይ ጨዋታ የሚቀጥል የአንድ ታሪክ፣ አሠራር ቢያንስ አንድ የሕግ መጽሐፍ ወይም ሕጋዊ ፒዲኤፍ ላለው፣ ከሦስት እስከ አምስት ሰው ለሚሆን ቡድን ነው። ምሳሌዎቼን ከደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ (ባጭሩ ዲ ኤንድ ዲ) የወሰድኩት በብዙ ሰው እጅ ያለው እሱ ስለሆነ ነው። ሌላ ጨዋታ ያላችሁም በዚሁ መንገድ መሄድ ትችላላችሁ።

1. ያላችሁን ሁሉ አውጡ

አንድ ቀን ሁሉም ያለውን ይዞ ይምጣ። መጽሐፍ፣ ስልክ ውስጥ ያለ ፒዲኤፍ፣ የጀማሪ ሣጥን፣ ዳይስ፣ የድሮ የገጸ ባሕርይ ቅጽ፣ ሁሉም ይቆጠራል። ከዚያ በየመጽሐፉ ስም ትይዩ ሦስት ነገር ጻፉ። የማን ነው? እስከ መጨረሻው ያነበበው አለ? ከውስጡ ተጫውተንበት የማናውቀው የትኛው ክፍል ነው?

የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ያሳፍራል። አብዛኛው ቡድን ከተጫዋቾች መጽሐፍ የሚያውቀው የገጸ ባሕርይ አሠራሩንና የውጊያ ሕጉን ነው። የጌም ማስተሩን መጽሐፍማ ጌም ማስተሩም ቢሆን ሥዕሉን አይቶ ነው ያስቀመጠው።

ምንም የታተመ መጽሐፍ ከሌላችሁም አትቸገሩ። የዲ ኤንድ ዲ መሠረታዊ ሕግ፣ ኤስአርዲ 5.1 የሚባለው ሰነድ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2023 በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ተለቋል። አዲሱ 5.2 ደግሞ በ2025 ተከትሎታል። ምንጩን እስከጠቀሳችሁ ድረስ ማተምም፣ ወደ አማርኛ መመለስም፣ ለሌላ ሰው መስጠትም ይፈቀዳል። ፓዝፋይንደር የሚባለው ሌላ ጨዋታ ሕግም በአሳታሚው ፈቃድ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይነበባል። ኔትወርክ ባለ ቀን የሚወርደውን አውርዳችሁ በየስልካችሁ አስቀምጡት። ኔትወርክ የጠፋ ዕለት ሕጉ የት አለ ብሎ መጨቃጨቅ አያስፈልግም።

2. የጎደላችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

«አዲሱ መጽሐፍ ያስፈልገናል» አይበቃም። ለምን? ሁሉም ለብቻው ይጻፍና አንድ ላይ ይነበብ። መልሶቹ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት አይዘሉም።

«ሰው ይቀራል» ከሆነ፣ ይህን የሚፈታ መጽሐፍ እስካሁን አልታተመም። ቀንና ሰዓት ቀይሩ። «ውጊያው ይረዝማል» ከሆነ የጭራቆቹን ቁጥር ቀንሱ፤ ተራው የደረሰ ሰውም ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ያስብ። «ታሪኩ ሰለቸን» ከሆነ ወደ 4ኛው ዝለሉ። «ይህ ዓይነት ጨዋታ ራሱ ሰለቸን፤ አስፈሪ ወይም የጠፈር ነገር አማረን» ከሆነ ብቻ ነው ስለ አዲስ መጽሐፍ ማውራት የሚያስኬደው። እሱንም ቢሆን መጀመሪያ በነጻ በሚገኝ አጭር ሕግ ሞክሩት።

3. የያዛችሁትን መጽሐፍ ለጠረጴዛ አንብቡት

ሰው እነዚህን መጽሐፎች እንደ ልብ ወለድ ከገጽ አንድ ይጀምርና አርባኛው ገጽ ላይ ይተዋል። እንደዚያ አይነበቡም። አንድ ደብተር ግዙና ገጹን በሦስት አስምሩት፦ ምን አገኘሁ፣ ስንተኛው ገጽ ላይ፣ የት ይጠቅመኛል። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ ከሆነ ያ መስመር ይሰረዛል። «ደስ ይላል» መልስ አይደለም።

ለምሳሌ በቀድሞው፣ እ.ኤ.አ. በ2014ቱ የዲ ኤንድ ዲ የጌም ማስተር መጽሐፍ ገጽ 252 ላይ ስለ ማሳደድ የተጻፈ ሕግ አለ። ሰው ሲያመልጥና ሲባረር እንዴት እንደሚጫወት ይናገራል። ለከተማና ለገጠር የተለያዩ፣ በሃያ ፊት ዳይስ የሚመረጡ የመሰናክል ሠንጠረዦችም አሉት። ብዙ ጌም ማስተር ይህን ክፍል ከፍቶት አያውቅም። በደብተሩ ላይ እንዲህ ይገባል፦ «ማሳደድ፣ 252፣ ቅዳሜ ገበያ ውስጥ ማኅተም ሰርቆ የሚሮጥ ልጅ።»

አሁን የመጽሐፉን የከተማ ሠንጠረዥ ወደ ቅዳሜ ገበያ ቀይሩት። 1 ቢወጣ በርበሬ ተዘርግቶ የሚሰጣበት ሰሌን ላይ ትወጣላችሁ፤ ባለቤቷ አትለቃችሁም። 2 ቢወጣ ጤፍ የተጫኑ አህዮች መንገዱን ይዘጋሉ። 3 ላይ ዶሮዎች ከቅርጫታቸው ያመልጣሉ። 4 ላይ አንድ ሽማግሌ ከፊታችሁ ቆመው «ምን ሆናችሁ ነው?» ይላሉ፤ ሳትመልሱ ማለፍ ደግሞ ነውር ነው። የስኬት ቁጥሩን፣ የሩጫውን ርቀት፣ የድካሙን ሕግ መጽሐፉ ይሰጣችኋል። የቀረው የእናንተ ዕውቀት ነው። ይህን ያህል ሥራ ከአንድ ክፍል ወጣ።

በ2014ቱ የተጫዋቾች መጽሐፍ ውስጥ ስለ ገጸ ባሕርያት የኋላ ታሪክ የሚናገረው ምዕራፍም ይዘለላል። እያንዳንዱ የኋላ ታሪክ የጠባይ፣ የእምነት፣ የትስስርና የድክመት ሠንጠረዥ አለው። ድክመቱን ሁሉም ሰው ዳይስ ጥሎ ይውሰድ፤ ምርጫ አትስጡ። ሰው ራሱ ሲመርጥ ሁልጊዜ ጀግና ይሆናል። ጀግና ብቻ የሞላበት ጠረጴዛ ደግሞ ያንቀላፋል።

4. ዓለሙን ከደጃችሁ ውሰዱ

ለአዲስ መጽሐፍ ከሚከፈለው ገንዘብ ትልቁ ድርሻ ለሕጉ አይመስለኝም። ለቦታው ነው፦ ለካርታው፣ ለቤተ መንግሥቱ ታሪክ፣ ለተጣሉ መኳንንት። ጎንደር ተቀምጦ ይህን በዶላር መግዛት ይገርመኛል።

ፋሲል ግቢን ውሰዱ። ዐፄ ፋሲለደስ ከተማዋን የቆረቆሩት እ.ኤ.አ. በ1636 አካባቢ ነው። ከእሳቸው በኋላ የነገሡት እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ሕንጻ ጨመሩበት፤ ስለዚህ ግቢው የአንድ ሰው እቅድ አይደለም። የፋሲል ግንብ፣ የዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ የኢያሱ ቤተ መንግሥት፣ የዳዊት የዘፈን ቤት፣ የበካፋ ግብር ቤት፣ የምንትዋብ ግንብ፣ የአንበሶቹ ቤት አሉ። ሁሉንም 900 ሜትር ርዝመት ያለው አጥር ይዟቸዋል። ለጌም ማስተር ከዚህ የተሻለ ነገር የለም፤ ክፍሎቹ ባለቤት አላቸው፣ ባለቤቶቹም ተከታታይ ትውልድ ናቸው።

አሠራሩ ይኸው። ትኬት ቆርጣችሁ ግቡና ግቢውን በእግራችሁ ዙሩት። ከሕንጻ ሕንጻ ስንት እርምጃ እንደሆነ ቁጠሩ። በዲ ኤንድ ዲ ካርታ አንድ ካሬ አምስት ጫማ፣ ማለትም አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ሁለት የተለመደ እርምጃ አንድ ካሬ ብላችሁ ያዙት። የት ጋ ደረጃ እንዳለ፣ የትኛው መስኮት በየትኛው በር ላይ እንደሚያይ፣ ጣሪያው የት እንደፈረሰ ጻፉ። ሁሉንም ለመሳል አትሞክሩ። ለመጀመሪያው ጨዋታ አንድ ሕንጻ፣ አንድ በርና በመካከላቸው ያለው ሜዳ ይበቃል።

አሁን ወደ በሮቹ። ግቢው 12 በር እንደነበረው ይነገራል፤ ስሞቹም ማን በየት እንደሚገባ ይናገራሉ። እምቢልታ በር የሙዚቀኞች ነው። ባልደራስ በር የፈረሰኞች አለቃ። ወምበር በር የዳኞች። እርግብ በር አለ፣ ተዝካሮ በር አለ፣ ራስ በር አለ። ታዲያ ለምን ገጸ ባሕርያቱ እንደ ልማዱ መጠጥ ቤት ውስጥ ይገናኛሉ? እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ በር ይምረጥ። ባርዱ፣ አዝማሪው ማለት ነው፣ በእምቢልታ በር ይገባል። ተዋጊዋ የባልደራሱ ሰው ናት። ሌባው የየትኛውም በር ሰው አይደለም፤ አጥሩን ነው የሚያውቀው። ጀብዱው ሲጀመር አንዱ በር ከውስጥ ተዘግቷል፤ ማን እንደዘጋው አይታወቅም። ሁሉም በየራሱ በር ገብቶ መሀል ላይ ይገናኛል። አዋጁ የሚነገረው ደግሞ ጃን ተከል ዋርካ ሥር ይሁን።

የፖለቲካ ሴራ የምትወዱ ከሆነ ዘመነ መሳፍንት አለላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1769 ራስ ሚካኤል ስሑል ዐፄ ኢዮአስን ካስገደሉ በኋላ እስከ 1855 ድረስ ንጉሡ ዙፋን ላይ ይቀመጣል፤ ሥልጣኑ ያለው ራሶቹ ጋ ነው። ተጫዋቾቹን የማንም ወገን ያልሆኑ መልእክተኞች አድርጓቸው። ቀለል ያለ ነገር ከፈለጋችሁ ዐፄ በካፋ ልብሳቸውን ለውጠው ሕዝቡ መሀል ይዞሩ ነበር የሚባለው ትውፊት አለ። በሦስተኛው ጨዋታ ላይ እራት ያበላችሁት መንገደኛ ማን ነበር?

አንድ ማሳሰቢያ። አብያተ ክርስቲያናትን የጭራቅ ጉድጓድ አታድርጉ። ሕግ ስለሚከለክል አይደለም። ጨዋታው የሚካሄደው የሰው ሳሎን ውስጥ ነው፤ እናት ቡና ይዘው ሲገቡ «ቅድስቱ ውስጥ ሦስት አጽም አለ» ሲባል መስማት የለባቸውም። እ.ኤ.አ. በ1888 ደርቡሾች ከተማዋን ሲያቃጥሉ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ንቦች አዳኗት የሚባለው ታሪክ በጣም ይማርከኛል። ለጨዋታ ስፈልገው ንቦቹን ወስጄ ቦታውን ቤተ መጻሕፍት አደርገዋለሁ።

ጭራቆቹንም እንዲሁ። አዲስ የጭራቅ መጽሐፍ የሚያጓጓው ሥዕሉ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራው ቁጥሩ ነው። በ2014ቱ ሕግ ግዙፉ ጅብ የመከላከያ ቁጥሩ 12፣ የሕይወት ነጥቡ 45 ነው። በንክሻው አንድ ሰው ከጣለ በዚያው ተራ ወደ ሌላው ዘሎ ይነክሳል። ለአራት አንደኛ ሌቭል (የጀማሪ ደረጃ) ተጫዋቾች መካከለኛ ፈተና ነው። እንዳለ ተጠቀሙበት፤ የማታ ጅብ ጎንደር ውስጥ ማስረጃ አይጠይቅም። በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ቁጥር ከአንበሶቹ ቤት ያመለጠ የተራበ አንበሳ በሉት። ከዚያ ወር በኋላ፣ ሰው በጣለ ቁጥር የሚብስበት የራስ ወታደር ይሁን፤ ንክሻው ጎራዴ ይሆናል። ተጫዋቾቹ አንድ ገጽ ሦስት ጊዜ እንደተጠቀማችሁ አይነቁም።

ጅብ የሚሆን ቡዳ የሚለውን ተረት ግን ተዉት። በዚህ አካባቢ ያ ስም አንጥረኞችና ሸክላ ሠሪዎች ላይ እየተለጠፈ ሰው የተጎዳበት ነው።

5. ዘመቻውን አሳጥሩ

«እስከ ሃያኛ ሌቭል» የሚባል እቅድ አታውጡ። ስድስት ጨዋታ፣ በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ሌቭል። ይህ ሦስት ወር ነው። ካማራችሁ ሌላ ስድስት።

ቀኑን ከበዓላት ጋር አገናዝቡ። ከገና እስከ ጥምቀት ባለው ጊዜ ጎንደር ውስጥ ሰው አታገኙም፤ ቤቱ እንግዳ ነው፣ ፒያሳው ሰው ነው። ስለዚህ ወይ ከገና በፊት ጨርሱ፣ ወይ ከጥር 12 በኋላ ጀምሩ። ዩኒቨርሲቲ ያሉ ልጆች ካሉበት የፈተና ሰሞናቸውን ጠይቁ። ለእኔ የሚመቸው እሑድ ከሰዓት ነው፤ ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ተኩል። ሳይመሽ ሁሉም ቤቱ ይገባል፣ መብራት ቢጠፋም በመስኮት ብርሃን ትጨርሳላችሁ።

6. ዕቃው

ዳይስ ከሌለ የስልክ አፕ አለ። ስልክ ጠረጴዛ ላይ የማትፈልጉ ከሆነ ከ1 እስከ 20 የተጻፈባቸው እኩል የተቆረጡ ወረቀቶች ጣሳ ውስጥ ጨምራችሁ ዕጣ አውጡ፤ የወጣው በየጊዜው ይመለስ። ለገጸ ባሕርያት ምስል ቆርኪ ይበቃል፣ ከላዩ ላይ ፊደል ጻፉበት። የገጸ ባሕርይ ቅጹን ፎቶ ኮፒ ቤት አስገልብጡ። ሙሉ መጽሐፉን ማስገልበጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ነጻው ሰነድ እያለ አያስፈልግም።

7. አዲስ መጽሐፍ ሲታወጅ

አሁን ጨዋታ እየሄደ ስለሆነ ማስታወቂያው እንደ በፊቱ አያደናግራችሁም። ቢሆንም ይመጣል። ስሙን ደብተሩ መጨረሻ ላይ ከነቀኑ ጻፉትና ዝጉት። ከሦስት ወር በኋላ ክፈቱት። ያኔም የሚያነሳው ሰው ካለ ወደሚቀጥለው ጥያቄ እለፉ፦ ካለን መጽሐፍ ጋር ይሄዳል ወይ?

ይህን አስቀድሞ ማወቅ ብዙ ብር ያድናል። የ2024ቱ የዲ ኤንድ ዲ ሕግ ሲዘጋጅ የ2014ቱ ጀብዱዎች እንዲሠሩበት ታስቦ ነው። ስለዚህ የድሮው የጀብዱ መጽሐፍ አልሞተም። የእኔ ምክር፣ ገጸ ባሕርያት ሁሉ በአንዱ ዓመት ሕግ ይሠሩ፤ አንዱ ተጫዋች በ2014፣ ሌላው በ2024 ሲሆን ስለ አንድ አስማት ግማሽ ሰዓት ትከራከራላችሁ። ጭራቅና ካርታ ግን ከየትም ቢመጣ ችግር የለውም። ኮል ኦፍ ክቱሉ የተባለው አስፈሪ ጨዋታ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ አጥንቱ ብዙ አልተለወጠም፤ የቆየ ጀብዱ በሰባተኛው እትም ሕግ በትንሽ ማስተካከያ ይሄዳል።

ኪክስታርተር፣ ሰው ለሚታቀድ ሥራ አስቀድሞ ገንዘብ የሚያዋጣበት ድረ ገጽ፣ ላይ ያለን መጽሐፍ እንደ ሱቅ ዕቃ አትዩት። ገና ላልተሠራ ነገር ነው የምትከፍሉት። መዘግየት የተለመደ ነው፣ የማጓጓዣው ሒሳብም ብዙ ጊዜ ኋላ ይመጣል። ለእኛ ይህ ላም አለኝ በሰማይ ነው። የምር ከወደዳችሁት ፒዲኤፉን ብቻ፣ ያውም ታትሞ ካለቀ በኋላ ግዙ።

8. መግዛት ካለባችሁ በጋራ ግዙ

አንድ ሰው ብቻውን ከሚከፍል እንደ ዕቁብ በየወሩ አዋጡ። ሰብሳቢ ምረጡ። ልዩነቱ ዕጣ አለመኖሩ ነው፤ የሚገዛው በድምፅ ይወሰናል። ከመጀመሪያው ወር በፊት አንድ ነገር ወረቀት ላይ ይስፈር፦ ከተማ የሚለቅ ሰው ያዋጣው ይመለስለታል ወይስ አይመለስለትም? መጽሐፉስ ማን ቤት ያድራል? ቡድን የሚፈርሰው በጭራቅ አይደለም፤ «መጽሐፌን መልስ» ላይ ነው።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት ንገሩት። አንድ መጽሐፍ ብቻ ጠይቁት። ሦስት ከጠየቃችሁ ምናልባት አንዱንም አያመጣም።

መጽሐፉ ሲደርስ የያዛችሁትን ዘመቻ መሀል ላይ አትቁረጡ። ስድስቱ ጨዋታ ይለቅ። እስከዚያ አዲሱን አንድ ሰው ይውሰደውና በ3ኛው መንገድ፣ በሦስት ዓምድ ደብተር፣ ያንብበው። አሮጌውን አትሽጡት። በላስቲክ ጠቅልላችሁ ለሚጀምር ሌላ ቡድን አውሱት፤ ክረምት ላይ ግን ከግድግዳ አርቁት ብላችሁ ንገሯቸው፣ እርጥበቱ ማሰሪያውን ይፈታዋል።